ስለ አምፖል ምርጫና ስለ ባለሱቁ ኀላፊነት

በከተማችን በግልገል በለስ የኤሌክትሪክ ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች መደርደሪያ ላይ በዛሬው ጊዜ ሦስት ዐይነት አምፖል ጎን ለጎን ተቀምጦ ይታያል። አንደኛው ከአባቶቻችን ጊዜ ጀምሮ የምናውቀው ባለ ክር አምፖል ነው፤ ሁለተኛው በተለምዶ «ኀይል ቆጣቢ» የሚባለው ጥምዝምዙ አምፖል ነው፤ ሦስተኛው ኤልኢዲ የተባለው ነው። የሦስቱም ዋጋ የተለያየ ስለ ሆነ ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ርካሹ የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ባለሱቁም ብዙ ጊዜ እጁን ወደ ባለ ክሩ ዘርግቶ ያሳየዋል። በዚህ ጽሑፍ ለማመልከት የምፈልገው፣ ይህ መልስ ትክክለኛ አለመሆኑንና ትክክለኛውን መልስ የመስጠት ኀላፊነት ከማንም አስቀድሞ በነጋዴው ላይ የሚወድቅ መሆኑን ነው።

ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው። ባለ ክር አምፖል ብርሃን የሚሰጠው በውስጡ ያለችው ቀጭን የተንግስተን ሽቦ በኤሌክትሪክ እስክትፍም ድረስ ስትግል ነው። ስለዚህ ከሚወስደው ኀይል ውስጥ ብርሃን ሆኖ የሚወጣው ከመቶው አሥር እጅ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ሁሉ ሙቀት ነው። ብርድ በሚጸናበት ደጋ ይህ ሙቀት ምናልባት አይጠላ ይሆናል። እንደ መተከል ባለ ቆላ ግን፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ለዋለ ቤት በማታ ደግሞ ሌላ ምድጃ መጨመር ነው። ሰው ላልፈለገው ሙቀት ገንዘብ ከፈለ ማለት ነው።

ባለ 60 ዋት የሆነው ባለ ክር አምፖል የሚሰጠውን ያህል ብርሃን፣ ጥምዝምዙ አምፖል ከ13 እስከ 15 ዋት፣ ጥሩ ኤልኢዲ ደግሞ ከ8 እስከ 9 ዋት በሚደርስ ኀይል ይሰጣል። እንግዲህ አምስት አምፖል ያለው ቤት እያንዳንዱን በየቀኑ አምስት አምስት ሰዓት ቢያበራ፣ በባለ ክሩ አምፖል በወር 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥርበታል። ይኸው ቤት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ቢያደርግ ቆጣሪው ከ7 ኪሎ ዋት ሰዓት አያልፍም። ልዩነቱ 38 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በዚህ ላይ የአገራችን የኤሌክትሪክ ታሪፍ በደረጃ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ብዙ የሚጠቀም ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ጥቂት ከሚጠቀመው ይበልጣል። ስለዚህ በአምፖል ኀይል የቆጠበ ሰው ወደ ረከሰው ደረጃ ሊወርድ ይችላል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ታሪፉ በየጊዜው ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር መደረጉን የቢል ወረፋ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል።

ዕድሜውንም መዘንጋት አይገባም። ባለ ክሩ አምፖል በአማካይ የሚያገለግለው ወደ 1,000 ሰዓት ገደማ ነው፤ በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ ሰባት ወር አይሞላም። በሚገባ የተሠራ ኤልኢዲ ግን 15,000 ሰዓትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። አንዱ እስኪያልቅ ድረስ ከዚያኛው አሥራ አምስት ይገዛል ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ 2 ብር ነው ብለን ብንይዝ፣ አንድ ኤልኢዲ በየ1,000 ሰዓቱ 51 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም 102 ብር ያተርፋል። በመደርደሪያው ላይ ርካሽ መስሎ የታየው ዕቃ በቆጣሪው በኩል ሲታይ ከሁሉ የተወደደ ሆኖ ይገኛል። የቆጡን አወርድ ሲሉ የብብትን መጣል የሚባለው ይህ ነው።

ይህ ሒሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ኀይል እጥረት ጸንቶ መብራት በፈረቃ ይታደል እንደ ነበረ ነጋዴ ሁሉ ያስታውሳል፤ ወፍጮው ቆሞ፣ ማቀዝቀዣው ጠፍቶ፣ ሱቁ በሻማ ይሸጥ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኀይል ኮርፖሬሽን ኀይል ቆጣቢ አምፖሎችን ለደንበኞቹ በነጻ አደለ። የመጀመሪያው ዙር ዕደላ 350,000 አምፖል ነበር፤ በጠቅላላውም ከ5 ሚሊዮን በላይ ታድሏል። የዓለም ባንክ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ በመጀመሪያው ዙር ብቻ እያንዳንዱ ደንበኛ በወር ከ45 እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት እንዳተረፈና በድምሩ 13.3 ሜጋ ዋት ያህል ኀይል እንደ ዳነ ገልጸዋል። ከአገራችን የውኃ ኀይል ማመንጫዎች ጥንታዊ የሆነው የአባ ሳሙኤል ጣቢያ ከታደሰ በኋላ የሚሰጠው ኀይል 6.6 ሜጋ ዋት መሆኑን ስናስብ፣ አምፖል በመለወጥ ብቻ የሁለት አባ ሳሙኤል ኀይል ተገኘ ማለት ይቻላል። ለዚህም ግድብ አልተቆፈረም፤ ወንዝም አልተጠለፈም።

ዳሩ ግን ያው ጥናት ሌላም ነገር ይነግረናል። ዕደላው በተፈጸመ በ18 ወር ውስጥ ከተገኘው ትርፍ ከመቶው 20 እጁ ያህል ጠፍቷል። መብራቱ ርካሽ ሆነ ብሎ ሳያጠፋ የሚተኛው ሰው ብዙ መሆኑ የታወቀ ነው። ከዚህም ሌላ መንግሥት አንድ ጊዜ በነጻ የሰጠው አምፖል አንድ ቀን መቃጠሉ አይቀርም። በተቃጠለ ማግሥት ያ ባለቤት የሚሄደው ወደ መሥሪያ ቤት ሳይሆን ወደ ሰፈሩ ሱቅ ነው። በዚያ መደርደሪያ ላይ የሚያገኘው ባለ ክር አምፖል ብቻ ከሆነ በብዙ ድካም የተገኘው ቁጠባ በአንድ ቀን ተሽሮ ይቀራል። ስለዚህ ቁጠባውን ማስጀመር የመንግሥት ሥራ ሊሆን ቢችልም ማጽናቱ ግን የባለሱቁ ሥራ ነው ብንል ከእውነት አልራቅንም።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ እንዲህ ሲሉ ይሰማሉ፤ «ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በእኛው በመተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ ተሠርቶ ሳለ ስለ አምፖል መቆጠብ ማውራት ምን ይባላል?» ነገሩ ለጊዜው እውነት ይመስላል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ከተማችን ስሟን በወሰደችበት በበለስ ወንዝ ተፋሰስም፣ ከጣና ሐይቅ በዋሻ በሚመጣ ውኃ የሚሠራውና በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት ዐቅም አለው። ሆኖም የጉባው ኀይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ መኻል አገር ሲጓዝ በገጠር ቀበሌዎቻችን ዛሬም በኩራዝና በባትሪ የሚያመሽ ብዙ ቤተ ሰብ አለ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንደ ተባለው ነው።

የኀይል መብዛት የመቆጠብን ጥቅም አያስቀረውም። በአንድ ቤት የዳነው ኀይል ለጎረቤቱ ወፍጮና ለዘይት መጭመቂያው ይውላል፤ ከዚያም ያለፈው ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ተሸጦ የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል። ደግሞም በየሰፈራችን ያለው ትራንስፎርመር የተወሰነ ሸክም ብቻ ነው የሚችለው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ መቶ ቤት በአንድ ጊዜ አምስት አምስት ባለ 60 ዋት አምፖል ቢያበራ 30 ኪሎ ዋት ይጭንበታል፤ በኤልኢዲ ግን 4.5 ኪሎ ዋት ብቻ ነው። በማታ መብራቱ እየደከመ ሲመጣ ምክንያቱ ሁልጊዜ ከግድቡ አይደለም፤ ከየጣሪያችን ሥርም ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ገዢው ለምን ወደ ባለ ክሩ ይመለሳል? ምክንያቱ ድንቁርና አይደለም፤ መታለል ነው። በጸሐፊነት በማገለግልበት ሱቅ በአንድ ወቅት አንዲት እናት ከሌላ ቦታ የገዙትን ኤልኢዲ ይዘው መጥተው «ልጄ፣ ይህ አዲሱ አታለለኝ፤ በወሩ ጠፋ። ያንኑ የድሮውን ስጠኝ» አሉ። ሻጩም «እማማ፣ የጠፋው ዐይነቱ አይደለም፤ አሠራሩ ነው» ብሎ ሊያስረዳቸው ሞከረ። እርሳቸው ግን ዋጋ ከፍለው የተማሩትን ትምህርት በቃል ብቻ ሊተዉት አልፈለጉም። ፍርዳቸውም አያስደንቅም። አንድ መጥፎ አምፖል የሸጠ ሰው የሚያበላሸው የአንድን ቤት መብራት ብቻ ሳይሆን የጥሩውን አምፖል ስምና የሐቀኛውን ነጋዴ ገበያ ጭምር ነው።

ስለዚህ ባለሱቁ ጥሩውን ከመጥፎው ለይቶ ለማወቅና ለገዢው ለማስረዳት የሚረዱትን ነጥቦች ከዚህ ቀጥሎ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አምፖል በዋት ሳይሆን በሉመን ይመዘን። ዋት አምፖሉ የሚበላውን ኀይል ሲነግረን ሉመን የሚሰጠውን ብርሃን ይነግረናል። ለ40 ዋት ባለ ክር አምፖል ምትክ የሚሆነው 450 ሉመን ገደማ፣ ለ60 ዋት 800 ሉመን ገደማ፣ ለ100 ዋት 1,500 ሉመን ገደማ ነው። በገበያ ላይ የሚገኘው ጥሩ ኤልኢዲ ለአንድ ዋት ከ90 እስከ 100 ሉመን ያህል ይሰጣል። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ «9 ዋት፣ ከ100 ዋት ጋር እኩል» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ሒሳቡን ይሥራና ይጠርጥር። ሉመኑ ጨርሶ ያልተጻፈበትን ደግሞ አለመግዛት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ የሚችለው ቮልት ይታይ። የኤልኢዲ ሕይወት ያለው በብርሃን ሰጪው ፍሬ ብቻ ሳይሆን በአንገቱ ውስጥ ተቀምጦ ኤሌክትሪኩን በሚመጥነው ትንሽ መሣሪያ ነው። ርካሽ ፋብሪካ የሚሰርቀውም ከዚሁ መሣሪያ ላይ ነው። በክረምት ነጐድጓድ ሲበዛ መብራት ሄዶ በኀይል በሚመለስበት አገር፣ «220 ቮልት» ብቻ ከተጻፈበት ይልቅ ለምሳሌ ከ170 እስከ 265 ቮልት ድረስ እንደሚችል የተጻፈበት ይመረጣል። ገዢውም መብራት በጠፋ ጊዜ ማጥፊያውን ዘግቶ፣ ኀይሉ ተመልሶ ሲረጋ እንዲከፍት ይነገረው።

ሦስተኛ፣ ስለ ሙቀት ይታሰብ። ኤልኢዲ ባለ ክሩን ያህል ባይግልም በአንገቱ ላይ ያለው መሣሪያ ሙቀትን አይወድም። በተዘጋ የመስተዋት ሽፋን ውስጥ ወይም አየር በማይዘዋወርበት ኮርኒስ ውስጥ የገባ አምፖል ዕድሜው ያጥራል። በእኛ አገር የአየር ጠባይ ይህ ምክር ከሌላው ቦታ ይልቅ ይበልጥ ያስፈልጋል። ሙቀት ማስወጫ አካሉ ከብረት ተሠርቶ በእጅ ሲመዘን ከበድ የሚለው፣ ባዶ ፕላስቲክ ከሆነው ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው።

አራተኛ፣ የብርሃኑ ቀለም እንደ ሥራው ይሁን። በካርቶኑ ላይ 2,700 ወይም 3,000 ኬልቪን የሚል ያለበት እንደ ድሮው አምፖል ቢጫማ ነው፤ 6,500 የሚለው ነጭ ሆኖ ወደ ሰማያዊነት ያደላል። ለመኝታና ለሳሎን ቢጫማው ዐይን ያሳርፋል፤ ለንባብና ለሥራ ነጩን የሚመርጡ አሉ። የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዎች ግን ቀለምን የማሳየት ደረጃውንም ይመልከቱ፤ ከመቶው 80 እና ከዚያም በላይ መሆን አለበት። ከዚህ በታች በሆነ ብርሃን ጥቁሩ ከጥቁር ሰማያዊ አይለይም፤ ማታ የተሸጠውም ልብስ ጧት ይመለሳል።

አምስተኛና ዋናው፣ ዋስትና ይሰጥ። አምፖሉ በገዢው ፊት በፖርታ ላምፓዳ ላይ ገብቶ ይብራ፤ የተሸጠበት ቀን በአንገቱ ላይ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ፤ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ቢጠፋ ያለ ክርክር ይለወጥ። ዋስትና ለመስጠት የሚፈራ ባለሱቅ የሚሸጠውን ዕቃ ራሱ አያምነውም ማለት ነው።

የገንዘብ ዐቅሙ ለማይፈቅድለት ገዢ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለውጥ ማለት አይገባም። ከየትኛው እንደሚጀምር ግን ይነገረው። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው የደጅ መብራት ይቅደም፤ ባለ 60 ዋት አምፖል አሥራ ሁለት ሰዓት ሲበራ ቢያድር ለብቻው በወር ከ21 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ባለ 9 ዋቱ ግን ከ3 ብዙ አያልፍም። ቀጥሎ ሳሎኑና ማድ ቤቱ ይሁን። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚበራው የዕቃ ቤት አምፖል ዕድሜው እስኪያልቅ ቢቆይ ጉዳት የለውም። የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰባቸውና በፀሐይ ኀይል ለሚጠቀሙት የገጠር ደንበኞቻችን ደግሞ ጥቂት ኀይል የሚበላ አምፖል ጥቅሙ የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ባትሪው እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ወይም እስከ እኩለ ሌሊት መቆየቱን የሚወስነው እርሱ ነው። ለእነርሱ የሚሸጠው አምፖል ለ12 ቮልት የተሠራ መሆኑን ሳያረጋግጡ መስጠት አይገባም።

ወደ አስመጪዎቻችን ስንመለስ ነገሩ ከዚህ ከፍ ይላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአንድ ዶላር ክብደት ምን ያህል እንደ ሆነ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም። ያ ዶላር የሚገኘው የመተከል ገበሬ በሐሩር ቆሞ ካጨደው ሰሊጥና ላኪው አበጥሮ ወደ ውጭ ከላከው ኩንታል ነው። በዚህ ድካም የተገኘ ገንዘብ በወሩ በሚቃጠል አምፖል ቢለወጥ፣ ሰሊጡን ወደ ውጭ ልከን ቆሻሻ እንዳስገባን ይቆጠራል። አስመጪው ብዙ ካርቶን ከማዘዙ በፊት ጥቂት ናሙና አስመጥቶ ለብዙ ሰዓት አብርቶ ቢፈትን፣ የሚያጠፋው ጥቂት ሳምንት ሲሆን የሚያድነው ግን ስሙን ነው።

ከዚህም ጋር ዓለም ወዴት እየሄደ እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ኩባ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባለ ክሩን አምፖል ከየቤቱ ለወጠች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2009 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ደረጃ በደረጃ ከገበያ አስወጣው። አሁን ደግሞ ተራው የጥምዝምዙ ሆኗል። ይህ አምፖል በውስጡ ጥቂት ሜርኩሪ ስላለበት፣ የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2022 በባሊ ባደረጉት ጉባኤ እስከ 30 ዋት ያለው ጥምዝምዝ አምፖል እስከ 2025 መጨረሻ መመረቱም ወደ ውጭ መላኩም እንዲያቆም ወስነዋል፤ በ2023 በጄኔቭ ባደረጉት ጉባኤም ረጃጅሙ ፍሎረሰንት እስከ 2027 እንዲቀር ተስማምተዋል። እንዲህ ያለ ውሳኔ በተላለፈ ጊዜ በየመጋዘኑ የተረፈው ዕቃ በርካሽ ተሽጦ የሚራገፍበትን አገር መፈለጉ አይቀርም። አስመጪዎቻችን ዋጋው በድንገት የረከሰ ጥምዝምዝ አምፖል ሲቀርብላቸው ለምን እንደ ረከሰ ይጠይቁ። በየቤቱ ያለው ግን ዕድሜው እስኪያልቅ ቢያገለግል ክፋት የለውም፤ ቢሰበር ብቻ መስኮት ተከፍቶ ክፍሉ ይናፈስ፤ ስብርባሪው በመጥረጊያ ሳይጠረግ በወፍራም ወረቀት ተጠራርጎ ይነሣ፤ ልጆችም ይራቁ።

አንዳንድ ባልንጀሮች «ዕድሜው ረጅም የሆነ አምፖል ብንሸጥ ገዢው መቼ ይመለሳል?» ይሉ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ግልገል በለስ ሁሉም የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ከማንዱራ፣ ከዳንጉርና ከፓዊ ለገበያ የሚመጣው ሰው፣ አምፖሉ ሦስት ዓመት ያበራለትን ሱቅ አይረሳውም፤ ለሽቦውም፣ ለማብሪያ ማጥፊያውም፣ ለቆርቆሮውም ወደዚያው ይመለሳል። በወሩ የጠፋበትም ሱቁን አይረሳውም፤ ነገር ግን ሌላውን ሰው ሊያስጠነቅቅበት ነው።

በመጨረሻም ለክቡራን ነጋዴዎችና ለንግድ ምክር ቤታችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አስመጪዎች ሉመኑና የሚችለው ቮልት በግልጽ ያልተጻፈበትን አምፖል አያስገቡ። ባለሱቆች የሽያጩን ቀን ጽፈው በዋስትና ይሽጡ። ምክር ቤቱም ከአሶሳ እስከ ግልገል በለስ ባሉት አባሎቹ ዘንድ አንድ ዐይነት የዋስትና ወረቀት እንዲሠራበት ቢያደርግ፣ ባለሱቁም የተመለሰለትን አምፖል ለአስመጪው የሚመልስበትን መንገድ ቢያበጅ፣ ኪሳራው በደካማው ላይ ብቻ አይወድቅም። ይህን ለመፈጸም አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አንድ ብዕርና አንድ የመፈተኛ ፖርታ ላምፓዳ በየሱቁ ጠረጴዛ ላይ ቢኖር ለመጀመር ይበቃል።